በአየርላንድ ተወዳጅ የሴቶች ልቦለዶች ውስጥ የፆታ ፍረጃን የት እንፈልገው?

ጥያቄ፦ «ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ በዘመናዊ የአየርላንድ ተወዳጅ የሴቶች ልቦለዶች ላይ መሥራት ጀምሬያለሁ። እስካሁን አራት መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ሴቶቹ ሥራ አላቸው፤ ይጠጣሉ፣ ይሳደባሉ፣ የወደዱትን ወንድ ይመርጣሉ። አማካሪዬ ግን ‹የፆታ ፍረጃው ሞልቶ ፈሷል፤ አላየሽውም› ይሉኛል። የት ልፈልገው? በምን መንገድስ ላሳየው?»

መልስ፦ የፆታ ፍረጃ ማለት «ሴት እንዲህ ናት፣ ወንድ እንዲያ ነው» ብሎ አስቀድሞ መመደብ ነው። የተሳሳተው የፈለጉበት ቦታ ነው። የዋናዋን ገጸ ባሕርይ ሥራ፣ አንደበትና የወንድ ምርጫ ብቻ ካዩ፣ በተለይ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከወጡት መጻሕፍት ብዙ አያገኙም፤ ደራሲዎቹ እዚያ በር ላይ ነቅተው ቆመዋል። ፍረጃው የሚገባው በጓሮ ነው። ሴራው ማንን ይቀጣል? ማንን ይክሳል? የታመመውን ማን ያስታምማል? በመጨረሻ ማን ተለወጠ፣ ማን ባለበት ቀረ? እኛ ዘንድ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት ነገሩን ሳያፍር ይናገራል። በነዚህ ልቦለዶች ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ብቅ ቢል በሁለት ገጽ ውስጥ መሳቂያ ሆኖ ይሸኛል። የተረቱ ፍርድ ግን አንዳንዴ ተናጋሪ ሳያስፈልገው በታሪኩ አካሄድ ይፈጸማል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ለመለማመጃ የአየርላንዳዊቷን ደራሲ የሜቭ ቢንቺን «ታራ ሮድ» (1998) የሚያህል የለም። ሪያ ሊንች ደብሊን ውስጥ ባለ ትልቅ አሮጌ ቤት ከባሏ ከዳኒና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። በሯ ክፍት ነው፤ ወጥ ቤቷ ሰው አያጣም። ሌላ ልጅ ብንወልድ ትዳራችን ይታደሳል ብላ ስታስብ ዳኒ በእርግጥም ልጅ ሊወለድለት መሆኑን ይነግራታል፤ ግን ከሌላ፣ ከእሷ በጣም ከምታንስ ወጣት። ሪያም አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ ከምትኖር፣ ልጇ ከሞተባት ማሪሊን ከምትባል ሴት ጋር ለአንድ በጋ ቤት ትለዋወጣለች።

አሁን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሦስት ሴቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሪያ ራሷን ልትችል ስትነሳ ገንዘብ የሚያመጣላት ሙያ ምግብ ማብሰል ነው፤ ለዓመታት በነፃ ትሠራው የነበረው ሥራ አሁን ዋጋ ያወጣል። ይህ ብቻውን ነቀፋ አይሆንም፤ ብዙ ሴት ቤተሰቧን ያሳደገችው በዚሁ መንገድ ነው። ግን ከሁለተኛዋ ጋር ያስተያዩት። ሮዝመሪ አላገባችም፤ የራሷን ድርጅት ታስተዳድራለች፤ ፀጉሯም ልብሷም እንከን አይወጣለትም፤ የሪያ የልብ ጓደኛ ናት። የዳኒ የድብቅ ውሽማም እሷው ሆና ትገኛለች። በመጽሐፉ ውስጥ በሙያዋ ከሁሉ ልቃ የወጣችው ሴት ከሃዲዋ ናት ማለት ነው። ሦስተኛዋ ገርቲ የልብስ ማጠቢያ ቤት ታካሂዳለች፤ ሰካራም ባሏ ይደበድባታል፤ ሁልጊዜም ይቅር ትለዋለች። ቢንቺ ገርቲን አታሞግሳትም፤ ጓደኞቿ በእሷ ሲበግኑ እናያለን። ይሁንና እሷ ራሷ ረግጣ ስትወጣ አናይም።

ዳኒስ? የዳኒ ውድቀት የገንዘብ ነው። ነጋዴ ነው፤ ከሰረ። ማራኪነቱን ግን እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል። የሮዝመሪ ውድቀት የባሕርይ ነው፤ አንባቢ ካወቀባት በኋላ ያ ሁሉ ጥንቃቄና ውበት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ተንኮል ይነበባል። በአንድ ኃጢአት ሁለት ዓይነት ፍርድ። ፍረጃ ሲባል ማሳየት ያለብዎት ይህን የመሰለ ነገር ነው፤ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጠው ሊጠቅሱት አይችሉም፤ ሁለት የታሪክ መስመሮችን አንድ ላይ ማንበብ ይጠይቃል።

የቢንቺ ቀደም ያለ ሥራ «ሰርክል ኦቭ ፍሬንድስ» (1990) ያንኑ አሰላለፍ በ1950ዎቹ መቼት ያሳያል። ቤኒ ሆጋን ኖክግለን ከምትባል ትንሽ ከተማ ደብሊን ውስጥ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ የምትመላለስ፣ ሰውነቷ ትልቅ የሆነ ልጃገረድ ናት። ናን ማሆን ቆንጆና ከድህነት በትዳር ለመውጣት የቆረጠች ናት። ናን ከአንድ ባለ ርስት ቤተሰብ ልጅ ታረግዛለች፤ እሱ አላገባም ሲላት የቤኒን ወዳጅ ጃክን የልጁ አባት አንተ ነህ ብላ ታጠምደዋለች። በመጨረሻም ከጓደኞቿ ክበብ ትወጣለች። ቆንጆና ባለ ምኞት ሴት አጥማጅ፣ ወፍራሟ ቅን፤ ይህ ፍረጃ ነው። ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ፍረጃ ይፈርሳል፦ ቤኒ እስከ መጨረሻው አትከሳም፤ ጃክ ሊመለስ ሲፈልግም አትቀበለውም። በ1995 የወጣው ፊልም ይህን ገልብጦ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል። በፊልሙ ላይ ተመሥርቶ ስለ መጽሐፉ የሚጻፍ ትንታኔ በዚህ ዘርፍ ከሚያጋጥሙት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ፍጻሜው ተቃራኒ ስለሆነ መደምደሚያው በሙሉ ይገለበጣል። የሴሲሊያ አኸርን «ፒ ኤስ አይ ላቭ ዩ» (2004)ም በ2007 ፊልም ሲሆን መቼቱ ከደብሊን ወደ ኒው ዮርክ ሄዷል፤ የአየርላንድ ቤተሰብን ሊተነትኑ ቢነሱ የሚተነትኑት ቤተሰብ እዚያ የለም።

የሕጉን ታሪክ ጠረጴዛዎ ላይ ካላኖሩ ግማሹ ሴራ አይገባዎትም። የ1937ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41.2 ሴት በቤት ውስጥ በምታሳልፈው ሕይወት ለመንግሥት ድጋፍ ትሰጣለች ይላል፤ እናቶች በኢኮኖሚ ችግር ተገደው የቤት ግዴታቸውን እስኪዘነጉ ድረስ ወደ ሥራ እንዳይወጡ መንግሥት ይጥራል ብሎም ይቀጥላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ የሚያስገድደው ደንብ የተነሣው በ1973 ነው። ፍቺ በሕዝበ ውሳኔ የተፈቀደው በኅዳር 1995፣ 50.28 በመቶ ለ49.72 ነው፤ ለጥቂት። ፅንስ ማቋረጥን የከለከለው የ1983ቱ ማሻሻያ የተሻረው በግንቦት 2018፣ በ66.4 በመቶ ድምፅ ነው። አንቀጽ 41.2ን ለመተካት በመጋቢት 2024 የቀረበው ሐሳብ ግን በ73.9 በመቶ ተቃውሞ ወድቋል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር «ሕዝቡ ሴት ቤት ትቀመጥ አለ» ብለው እንዳያነቡት፤ ከተቃወሙት ብዙዎቹ ያልወደዱት የቀረበውን ምትክ ቃል ነበር።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሴቲቱ ባሏን ካልፈታች፣ ደራሲዋ ትዕግሥትን እያሞገሰች ነው ወይስ ሕጉ በር ዘግቶ ነው? የቢንቺ የመጀመሪያ ልቦለድ «ላይት ኤ ፔኒ ካንድል» የወጣው በ1982 ነው፤ አየርላንዳዊቷ አሽሊንግ ሰካራም ባል አግብታ በምትታሰርበት ታሪክ ውስጥ ፍቺ የሚባል ነገር በሀገሯ የለም። ያንን እንደ ፍረጃ ከቆጠሩት ሕግን ለደራሲ አሸከሙ ማለት ነው። በተቃራኒው የሌላዋ አየርላንዳዊት ደራሲ የማሪያን ካይዝ «ወተርሜለን» (ሐብሐብ) የወጣው ሕዝበ ውሳኔው በተካሄደበት በዚያው በ1995 ነው፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ክሌር ግን የምትኖረው ለንደን ስለሆነ ሕጉ አይነካትም። እንግሊዝ በነዚህ ልቦለዶች ውስጥ የሴራ መሣሪያ ናት፤ ያረገዘች፣ የሸሸች፣ የተፋታች ሁሉ ባሕር ተሻግራ ትሄዳለች። አንድ ገጸ ባሕርይ መርከብ ወይም አውሮፕላን በተሳፈረች ቁጥር ኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉ።

ወደ ካይዝ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም እሷ ፍረጃን ታውቀዋለች፣ ትቀልድበታለችም። የክሌር ባል ጄምስ የመጀመሪያ ልጃቸው በተወለደችበት ቀን ጥሏት ይሄዳል። እሷም ሕፃኗን ይዛ ደብሊን እናትና አባቷ ቤት ትገባለች። ራሷን ከሐብሐብ ጋር የምታመሳስለውም በዚያው በወሊድ ሰሞን ነው፤ ርዕሱ የመጣው ከዚያ ነው። በኋላ ጄምስ ይመለስና ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ይነግራታል፤ ልጅ ልጅ የምትል፣ ራሷን ብቻ የምታስብ ስለሆነች ነው የሄደው። ክሌር ለብዙ ገጾች ታምነዋለች። አንባቢ ግን ከእሷ ቀድሞ ይነቃል። «ባል የሚሄደው ሚስት ስላባረረችው ነው» የሚለው ፍረጃ እዚህ የታሪኩ እንቅፋት ሆኖ ቀርቧል፤ መጽሐፉ ራሱ ያፈርሰዋል። በአንጻሩ ሴት ከተጎዳች በኋላ መዳኗ የሚረጋገጠው መልከ መልካም አዲስ ወንድ ሲፈልጋት ነው የሚለው ሳይነካ ያልፋል። አንዱን ጥሎ አንዱን ማቆየት የዘውጉ የተለመደ ጠባይ ነውና ትንታኔዎ ሁለቱንም ይያዝ።

የ«ማሚ»ን ነገር በደንብ ያጥኑ፤ አየርላንዳዊ የሆነው ፍረጃ በዋናነት እሷ ናት። በአየርላንድ አነጋገር ማሚ ማለት ቤተሰቡን የምታበላ፣ ለራሷ ምንም የማትፈልግ፣ ግን በወቀሳ ቤቱን የምትገዛ እናት ናት። የካይዝ እማማ ዋልሽ፣ የአምስት ሴቶች ልጆች እናት፣ ምግብ አታበስልም፤ ቤቱ የሚኖረው በማይክሮዌቭ በሚሞቅ የታሸገ ምግብ ነው። ቀልዱ ያስቃል። ግን ለምን ያስቃል? የመገልበጥ ፈተና ያድርጉበት፦ «አባትየው ምግብ አያበስልም» ብለው ይጻፉት። ቀልዱ ሞተ። ስለዚህ ቀልዱ የሚሠራው አንባቢ እናት ማብሰል አለባት ብሎ ስለሚጠብቅ ነው፤ ፍረጃው እየተሾፈበትም ቀልዱን የተሸከመው እሱ ነው። «መጽሐፉ ፍረጃን ያፈርሳል» ወይም «ያጠናክራል» ከሚል አንድ ቃል ይልቅ ይህንን ሁኔታ በሦስት ዓረፍተ ነገር ቢያስረዱ ገምጋሚ ሊነቅፍዎት አይችልም።

የደብዳቢ ወንድ አቀራረብ እንዴት እንደተለወጠ ለማየት የ«ታራ ሮድ»ዋን ገርቲን ከካይዝ «ዚስ ቻርሚንግ ማን» (2008) ጋር ያነጻጽሩ። ፓዲ ደ ኮርሲ ዝነኛ ፖለቲከኛ ነው፤ መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ትንሽ ምስጢራዊ፤ የፍቅር ልቦለድ ሁሉ ጀግና አድርጎ የሚያቀርበው ዓይነት። ታሪኩን የሚተርኩት በሥራም በጠባይም የማይመሳሰሉ ሴቶች ናቸው። ትረካው በመከፋፈሉ ብቻ «የሚደበደቡት ደካማ ሴቶች ናቸው» የሚለው ሐሳብ መቆሚያ ያጣል። በ1998 ጥያቄው «ለምን አትተወውም?» ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ «እሱ ይህን እንዴት ያደርጋል?» ሆኗል። ይህ ከአንድ ምዕራፍ በላይ ሊወጣው የሚችል ነጥብ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ። በካይዝ «ሱሺ ፎር ቢጊነርስ» (2000) ከሃዲዋ የቤት እመቤቷ ክሎዳ ናት፤ ከሮዝመሪ ጋር ለማነጻጸር ይመቻል። ባለ ምኞቷ የመጽሔት አዘጋጅ ሊሳ ግን ለስለስ እስክትል ድረስ ሰላም አታገኝም። በ«ፒ ኤስ አይ ላቭ ዩ» የሞተ ባል በተዋቸው ደብዳቤዎች የመበለቲቱን ወራት ይመራል፤ ፍቅር ነው ሊሉት ይችላሉ፣ ከመቃብር ወዲያ የሚዘልቅ አባወራነትም። «ኦ ማይ ጎድ ዋት ኤ ኮምፕሊት አሽሊንግ» (2017) የገጠሯን ልጅ ሙሉ የፍረጃ ዝርዝር አድርጎ ይጀምራል፦ ትንሽ ኒሳን ማይክራ፣ የክብደት መቀነሻ ነጥብ ቆጠራ፣ የሰባት ዓመት ወዳጅ ያላመጣው ቀለበት። በኋላ የአባቷ ሕመም ሲመጣ ያው ዝርዝር ክብር ያገኛል። «ዘ ሚስትሪ ኦቭ መርሲ ክሎዝ» (2012) ደግሞ ለማነጻጸሪያ የግድ ይያዙ፤ ሔለን ዋልሽ የግል መርማሪ ናት፤ ከኢኮኖሚው ውድቀት በኋላ አፓርታማዋን አጥታለች፤ በድብርት ትሠቃያለች፤ ደራሲዋም ለሰው ደስ እንድትል አላለሳለሰቻትም።

አሠራሩን በተመለከተ ስድስት መጻሕፍት ይበቃሉ፤ ከ1982 እስከ 1994 ሁለት፣ ከ1995 እስከ 2008 ሁለት፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት። ከአንድ ደራሲ ከሁለት በላይ አይውሰዱ፤ አለዚያ ጥናቱ የካይዝ ጥናት ይሆናል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ምንም ሳይጽፉ ለደስታ ያንብቡት። በሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያዎቹን 50 እና የመጨረሻዎቹን 50 ገጾች ትዕይንት በትዕይንት ይመዝግቡ፤ መሐሉን የሚመዘግቡት ሴራው በሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አምስት ነገር በአምስት ዓምድ ይጻፉ፦ በማን ዓይን እንደሚታይ፣ የእንክብካቤውን ሥራ ማን እንደሠራ፣ ገንዘቡን ማን እንደከፈለ፣ አዲስ ገጸ ባሕርይ ሲገባ ስለ ሰውነቱና ስለ ልብሱ ስንት ገላጭ ቃል እንደተሰጠው፣ እና ጉዳዩ የቀረበው በቁም ነገር ይሁን በፌዝ። የእንክብካቤውን ዓምድ ለመሙላት ቀላሉ ዘዴ ሻዩን መከተል ነው። በአየርላንድ ልቦለድ ክፉ ወሬ በመጣ ቁጥር ሻይ ይጣዳል፤ እንደኛ ቡና። ማን ተነሥቶ እንደጣደው፣ ማን ተቀምጦ እንደጠጣው ይቁጠሩ። ከጥቂት ትዕይንቶች በኋላ የቤቱ የሥራ ክፍፍል በቁጥር ፊትዎ ላይ ይሆናል።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ የፌዙ ዓምድ ነው። ስለዚህ ከመዘገቧቸው ትዕይንቶች አሥር በመቶውን ለሌላ አንባቢ ሰጥተው መዝገቡን ያስተያዩ፤ አንዱን ምዕራፍ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራስዎ እንደገና ይመዝግቡት። የማትስማሙበት ትዕይንት ሲገኝ ደስ ይበልዎ፤ ደራሲዋ በፍረጃው እየተጠቀመችም እየቀለደችም ያለችው እዚያ ላይ ነው፤ የጥናትዎ ሥጋም እሱ ነው።

አንደኛ መደብ ተራኪ ሲያጋጥም የተራኪዋን ሐሳብ ለደራሲዋ አይስጡ። በ«ሬቸልስ ሆሊደይ» (1997) ሬቸል ወደ ሱስ ማገገሚያ የምትገባው ሱሰኛ አይደለሁም እያለች ነው፤ እዚያ ያገኘቻቸውን ጎልማሳ ወንዶች ቡናማ ሹራብ እንደለበሱ አንድ መንጋ ታያቸዋለች። ስለ ሰዎች የምትናገረው ሁሉ ውሸት የሚሸፍን ንቀት ነው፤ መጽሐፉም ቀስ በቀስ ያጋልጣታል። ከመጀመሪያው ሩብ ላይ ጥቅስ ነቅሎ «ደራሲዋ በወንዶች ትሳለቃለች» ማለት መጽሐፉን አለመጨረስ ነው። ስለ ወንዶች ካነሣን፣ እነሱም በዓምድዎ ውስጥ ይግቡ፤ ሰካራሙ፣ የእናቱ ልጅ፣ ከሴቶቹ ጫጫታ ጋዜጣ ውስጥ የሚደበቀው ዝምተኛ አባት። «የፆታ ፍረጃ» ብለው ሴቶችን ብቻ ከቆጠሩ ርዕስዎን ግማሹን ጥለውታል።

ሁለት ሴቶች ስለ ወንድ ያልሆነ ነገር ያወራሉ ወይ የሚለውን የቤክደል መለኪያ እዚህ አይጠቀሙበት። ለፊልም የተፈጠረ ወንፊት ነው፤ እነዚህ መጻሕፍት በቀላሉ ያልፉታል፣ ስለዚህ ምንም አይለይም። ሐምራዊ ሽፋንንና የተረከዝ ጫማ ሥዕልንም ለደራሲዋ አያስቆጥሩባት፤ ሽፋን የአሳታሚው የገበያ ውሳኔ ነው፣ በየእትሙም ይለዋወጣል። በጋብቻ ወይም በፍቅር መጨረሱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የዘውጉ ሕግ ነው፤ የወንጀል ልቦለድ ገዳዩን ስለያዘ ማንም አይወቅሰውም። የሚጠየቀው፣ ወደዚያ ፍጻሜ ለመድረስ እሷ ምን እንደተወች እና እሱ ምን እንደተወ ነው። ሁለት ዝርዝር ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የእሱ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ሲያገኙት ለአማካሪዎ የሚያሳዩት ገጽ እሱ ነው።

ሲጽፉም «በልቦለዱ የፆታ ፍረጃ ይታያል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይተዉ፤ አማካሪዎ እሱን ለሺህ ጊዜ አንብበውታል። «በመጨረሻዎቹ 50 ገጾች ከተመዘገቡት ትዕይንቶች ውስጥ እንክብካቤውን በዚህን ያህሉ ሴት ሠርታዋለች፤ በቁም ነገር የቀረበው ይህን ያህሉ ነው፤ በፌዝ ይህን ያህሉ» ብለው ይጀምሩና ትርጓሜውን ከዚያ ያስከትሉ። ጊዜ ካጠረዎት ከስድስቱ መጻሕፍት ሁለቱን ይቀንሱ እንጂ ሁለተኛውን አንባቢ አይተዉ። ነገ የሚጀምሩ ከሆነ በ«ታራ ሮድ» ይጀምሩ፤ ሮዝመሪ የገባችባቸውን ትዕይንቶች ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለቅመው ይዘርዝሯቸው፤ ምስጢሯ ከመገለጡ በፊትና በኋላ ተራኪው ለልብሷ የሚሰጠው ቃል ይለወጥ እንደሆነ ይመልከቱ።